ጫፉ የወጣ ወረቀት

እማዬ ግራ ጡቷ ውስጥ ያለውን እብጠት መጀመሪያ ስትዳስሰው ወተት ነው ብላ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ሜኖ ያኔ ሰባት ወሩ ነው፤ ጥርስ አብቅሎ እንደ ቡችላ ይነክሳል። "ነክሶኝ ወተቱ ረግቶ ነው" አለች። እኛ ሰፈር ወተት ሲረጋ የጥቅል ጎመን ቅጠል ነው የሚደረግበት። ስለዚህ እማዬ ከየካቲት እስከ ግንቦት ደረቷ ውስጥ ጎመን ሸጉጣ ዞረች። ላብ ሲነካው ደግሞ ይሸታል።

"እማ፣ ጨውና ቅቤ ብቻ ነው የቀረሽ፤ ለእራት ትበቂያለሽ" አልኳት አንድ ቀን።

በእርጥብ ፎጣ አባረረችኝ፤ እየሳቀች። ያኔ ገና ይሳቅ ነበር።

ግንቦት ላይ አዋላጇ ሜኖን ልትመዝን መጣች። እግረ መንገዷን እማዬን ደባበሰቻት። ደግማ ደባበሰቻት። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ቁጭ አለች።

"ኬዚያ፣ የረጋ ወተት ሲነኩት ይሸሻል" አለች። "ይሄ አይሸሽም።"

ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለነው አሚሾች በአያቶቻችን ሃይማኖትና ወግ የምንኖር ገበሬዎች ነን፤ መኪና አንነዳም፤ በጋሪ የማይደረስበት መንገድ ሲኖር እንግሊዝ ነው የምንለምነው። መኪና ያለውን ሰው ሁሉ እንግሊዝ ነው የምንለው። የእኛዋ እንግሊዝ ፓም ትባላለች፤ ማስቲካ እያኘከች ትነዳለች፣ ብዙም አትጠይቅም። አባባ ሳር የሚያጭድበት ሳምንት ስለነበር እማዬን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ደግሞም እማዬ እንግሊዝኛ ስታወራ ቃሉን ፈልጋ እስክታገኝ ይመሻል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ማናችንም አንማርም፤ ምላስ ግን ተምሮ አይደለም።

መርፌ ወጓት፣ ከእብጠቱ ቁራጭ ወሰዱ፤ በሳምንቱ ደግሞ ጠሩን። ሐኪሟ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ዓይኗ የማይሸሽ ሴት ነበረች። ወረቀት ላይ ጡት ሳለችልን፤ የተጠበሰ እንቁላል ይመስል ነበር።

"ካንሰር ነው" አለች። "ጡቱን ሙሉ በሙሉ አወጣዋለሁ፤ ብብት ሥር ያሉትንም እጢዎች። ከዚያ መድኃኒት ይከተላል። በዚህ ወር ከሆነ ብዙ ተስፋ አለኝ። ከዘገየ ምንም ቃል አልገባልሽም።"

እማዬ ጥያቄ እንዳላት ስትጠየቅ በእኛ ጀርመንኛ ለኔ ነገረችኝ። እኔም ተረጎምኩ፦ "የወጣውን ምን ታደርጉታላችሁ?"

ሐኪሟ "ይመረመርና ይቃጠላል" አለች።

በፓም መኪና ተመለስን። የእኛ መታጠፊያ ስንደርስ እማዬ "ያን ሁሉ ጎመን በከንቱ ጨረስነው" አለች።

ከዚያ ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። የመጣው ሁሉ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የተፈጨ ሥር የያዘ አለ፣ የፖም ኮምጣጤ የያዘ አለ። አንደኛዋ ባሏ ጋሪ ላይ እየጠበቃት ሮጣ ገብታ፣ ስኳር እንዳትቀምሺ ብላ፣ ያመጣችውን ኬክ አስቀምጣ ሄደች። አክስቴ ዴና ግን እንደ ሌሎቹ አይደለችም። የአባባ ታላቅ እህት ናት፣ ሰው ሲቃጠልና ሲቆስል የምትጠራው እሷ ናት። እጇ ለስላሳ ነው። እኔንም አራት ዓመቴ እያለሁ የፈላ ውኃ ሲደፋብኝ ያዳነችኝ እሷ ስለሆነች ክፉ ላወራባት አልፈልግም።

ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦውና ማርማላታው መሃል፣ አንድ ማሰሮ ጥቁር ቅባትና አንድ ጠርሙስ አስቀመጠች። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ዝንጅብል ጣት ጣት ያለው ግራጫ ነገር ይዋኛል።

"የሳሎማ ነው" አለች። ሳሎማ ጎረቤታችን አሮጊቷ ናት። "ቅባቱ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ከነሥሩ ነቅሎ አወጣው። ይኸው አራት ዓመቷ፣ ድንቿን ራሷ ትኮተኩታለች።"

"አክስቴ፣ ዳቦው አጠገብ?" አልኩ።

"ላንቺ አላመጣሁትም፣ አንቺ ዝም በይ።"

"ግን ሳሎማ ካንሰር እንደነበረባት ማን አየ?"

"ራሷ ሳሎማ አየችው!"

"ሳሎማ እኮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች።"

እማዬ ሳቋን ልትይዝ ከንፈሯን ነከሰች። ዴና ግን አልተቆጣችም፤ የእማዬን እጅ ያዘች። "ኬዚ፣ እነሱ የሚያውቁት መቁረጥ ነው። አንዴ ከቆረጡሽ መልሰው አይሰፉልሽም። ቅባቱ የሚበላው ክፉውን ብቻ ነው።"

እዚህ ላይ የማውቀውን ልናገር። የሳሎማን ቁስል ስታጥብ ለዴና ሳህን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጉድጓዱ ቡጢዬን ያስገባ ነበር። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ሦስት ቀን ቆየ። ቅባቱ ክፉውን ብቻ ነው የሚበላው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ያገኘውን ሲበላ ነው። የሳሎማ ምን እንደነበር አላውቅም። የእማዬ ግን ምን እንደሆነ በወረቀት ተጽፏል።

የማኅበራችን መሪ ኢኖስም መጡ። መሪ ይሁኑ እንጂ እንደኛው ላም የሚያልቡ ገበሬ ናቸው። "ሐኪም ቤት መሄድ ኃጢአት አይደለም" አሉ። "አለመሄድም ኃጢአት አይደለም። ባልና ሚስት ጸልዩና ወስኑ።" ይሄን ብለው፣ ያቺ ሴትዮ ከተወችው ኬክ ሦስት ቁራሽ በልተው ሄዱ።

ባልና ሚስቱ ደግሞ ይሄውላችሁ።

"አንቺ እንዳልሽ" ይላል አባባ ሾርባው ላይ አቀርቅሮ።

"አንተ እንዳልክ" ትላለች እማዬ።

"ሰውነቱ ያንቺ ነው።"

"የቤቱ ራስ አንተ ነህ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ይሄው ነው። ሐኪሟ የሰጠችው ወር ግማሹ አለቀ።

"ምናለ አንዳችሁ እንኳ አፋችሁን ብትከፍቱ!" አልኩ አንድ ቀን። "ላሚቷ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ወስናችሁላት ነበር።"

"ኤልቫ!" አለኝ አባባ። ከዚያ በላይ ግን አልተቆጣኝም። ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ በረት ሄደ፤ በረት ውስጥ ብዙ ቆየ።

በነጋታው ሐሙስ፣ ረፋዱ ላይ፣ አባባ ማሳ ሜኖም እንቅልፍ ላይ እያሉ፣ እማዬ ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ። ሁለት የመዝሙር መጽሐፍ ከሳጥን አውጥታ ይዛለች።

ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚባል ሕንፃ የለንም፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ የአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ አግዳሚዎቹና የመዝሙር መጻሕፍቱ በትልቅ ጋሪ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ያለፈው እሁድ እኛ ጋ ስለነበር ሳጥኑ ገና አልሄደም። ሰባኪ ሲሞትብን ደግሞ አዲስ የምንመርጠው በነዚሁ መጻሕፍት ነው። በአንዱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ይደረጋል፤ ሁሉም በክር ይታሰራሉ፤ የታጩት ወንዶች በተራ አንድ አንድ ያነሳሉ። ወረቀቱ ያለበትን ያነሳው እስኪሞት ሰባኪ ነው። ዕጣ ወጥቶለት ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ያለቅሳሉ።

"ዕጣ እጥላለሁ" አለች እማዬ።

"ለጡት?"

"ለጡት። እኔም አልቻልኩም፣ አባትሽም አልቻለም፤ እሱ ይወስን።" እግዚአብሔርን ማለቷ ነው፤ ግን ጣቷን ወደ ላይ አልጠቆመችም። በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ፦ ዕጣውን ሰው ይጥላል፣ ፍርዱ ግን የጌታ ነው። "በአንደኛው መጽሐፍ ውስጥ አድርጊው። ወረቀቱ ከወጣ ሐኪም ቤት። ካልወጣ ዴና።"

"አባባ ያውቃል?"

"ከወጣ በኋላ ያውቃል።"

"ለምን እኔ?"

"ሌላ ማን አለኝ?" አለች። "አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ፊትሽ ላይ ይነበባል፤ ስለዚህ መጽሐፎቹን አስቀምጠሽ ወደ ግድግዳው ዙሪ።"

መጻሕፍቱን ይዤ ሳሎን ገባሁ። የእሷን ወረቀት በአንደኛው አደረግኩ። ክሩን ላስር ስል ያ የሳሎማ ጉድጓድ ትዝ አለኝ። ያገኘሁት ወረቀት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመኖ መደብር የቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ዶሮ አለበት። በመቀስ ከጥጉ ቆረጥኩ፤ ቸኩዬ ስለነበር መቀሱ ዶሮውን ለሁለት ከፈለው። በጀርባው ያንኑ ቃል ገለበጥኩ። ሁለተኛውም መጽሐፍ ውስጥ አስገባሁት። ፈራሁ፤ ትንሽ ነው የፈራሁት፣ ብዙ ብል ውሸት ነው። እግዚአብሔር እማዬን ማዳን ከፈለገ ምን አጠፋሁ፣ ካልፈለገ ደግሞ እኔና እሱ እንነጋገራለን አልኩ።

እማዬ እጇን ታጥባ፣ ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ ረጅም ጸሎት ጸለየች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዝንብ እቆጥራለሁ። ሹክሹክታዋ ሲቆም አላስችል ብሎኝ ከትከሻዬ በላይ አየሁ። አውራ ጣቷን በሁለቱም መጻሕፍት ጠርዝ ላይ አሳለፈች፤ አቧራ እንደምትጠርግ። እጇ ቀኙ ላይ ቆመ። ከዚያ ግራውን አነሳች።

ክሩን ፈታች። የራሷ ወረቀት ነበር።

"እንግዲህ" አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች ነው። ፊቷ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ባልዲውን እንዳሳረፈ ሰው ፊት ነበር። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተች፤ እኔ ተንደርድሬ ከመድረሴ በፊት ደግሞ የቀኙንም ክር ሳትገልጠው ፈትታ፣ ጠርዙን በመዳፏ ገፋ አድርጋ፣ ሁለቱን መጻሕፍት አንስታ ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ሰማንያ ሁለት መጽሐፍ አለ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሰው ዘወር ባለ ቁጥር እየከፈትኩ ገለጥኩ። ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ዴና ገባች።

"ከመቼ ወዲህ ነው መዝሙር የወደድሽው?"

"ከአሁን ወዲህ" አልኳት።

"እስኪ አንዱን ዘምሪልኝ!"

ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው መጥቶ ሳጥኑን ወሰደው።

አባባ ዕጣው መውጣቱን ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። "ይሁን" አለ። ትከሻው ግን ወረደ፤ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰቅሎት ኖሯል። ለኢኖስ ነገራቸው። ኢኖስ ዕጣ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይደለም ብለው ትንሽ አኮረፉ፤ ግን ከወጣ ወጣ አሉ። አባባ መንገድ ዳር ካለችው የስልክ ቤት ሄዶ ደወለ። ቀጠሮው ከመጪው የስብሰባ እሁድ በኋላ ማክሰኞ ሆነ።

እማዬ እነዚያን ቀናት እንዴት እንደነበረች ላሳያችሁ። ሜኖን ጡት አስጣለችው፤ እሱ አለቀሰ፣ እሷ ግን ዘፈነችለት። የእኛ ልብስ ቁልፍ የለውም፤ ደረት ላይ የምናደርገውን ጨርቅ በስፒል ነው የምንይዘው፤ ከሥሩ ባዶ ከሆነ ይታጠፋል። ስለዚህ ለሚጎድለው ጎን የሚሆን ትንሽ ከረጢት ሰፍታ በተልባ ሞላችው። በወጥ ቤት ሚዛን ላይ እየመዘነች ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች።

"ያኛውን በምን መዘንሽው?" አልኳት።

"ባለጌ!" አለች። "በእጄ።"

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልሳቅንም።

እሁድ ስብሰባው ከኛ ሦስተኛው ቤት ነበር። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠናል። ሁለተኛው መዝሙር ሲጠራ ሽማግሌው ኤርቪን መጽሐፉን ገለጠ፤ ኤርቪን ጆሮው ስለማይሰማ ሹክ ሲል እንኳ እስከ በረት ይሰማል። ከመጽሐፉ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

"ዕጣ!" አለ። "ማን ሞተ? ሰባኪ ልንመርጥ ነው እንዴ?"

መዝሙሩ ተቋረጠ። ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

"ግማሽ ዶሮ!" አለ።

የዶሮው ሌላው ግማሽ እኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንዳለ ያላየ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ ከሥሩ ነው የተቀመጠው። የእማዬ ዕጣም አሥር ቀን ሙሉ በየቤቱ ተወርቷል። አንዷ አንገቷን ወደ እኛ አዞረች፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችው፣ ከዚያ ሁሉም። እማዬ መጽሐፏን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ስብሰባው ሲያልቅ ኢኖስ ሦስታችንን የልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገቡን። በሩ አይዘጋም፤ ከውጭ ሴቶቹ ለምሳ ዳቦ ይቆርጣሉ።

"አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ትክክለኛውን እንድታነሳ።"

"ለጌታ ትክክለኛውን የምታሳዪው አንቺ ነሽ?"

"ሁላችሁም ዝም ስትሉ ጊዜ እኔ አሳየሁት።"

የአባባ እጅ ትከሻዬን ጨመደደው። ኢኖስ ረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሻሹ። ወደ እማዬ ዞሩ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም።

"ኬዚያ፣ እንግዲህ ዕጣ አልተጣለም ማለት ነው። ሂጂም አልልሽ፣ አትሂጂም አልልሽ። እንደ መጀመሪያው የእናንተ ነው።"

እማዬ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየች። ዳቦ የሚቆርጡት ሴቶች ቢላቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዲት እንኳ የምትቆርጥ አልነበረችም። ዴናም መሃላቸው አለች።

"አልሄድም" አለች እማዬ።

"እማ!"

"በውሸት የተገኘ ነገር አያድንም። አልሄድም።"

ማክሰኞ ጠዋት ፓም መጣች፤ ማንም አትምጪ ብሎ አልደወለላትም። እኔ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ፣ የሌሊት ልብሷንና የተልባውን ከረጢት ከትቼ፣ መኪናው ውስጥ ወረወርኩት። እማዬ በረንዳ ላይ አተር ትፈለፍላለች።

"እማ፣ ግቢ። እባክሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔን ይቅጡኝ፤ አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ሻንጣዬን መልሺ።"

"ሐኪሟ ቃል አልገባም ብላለች እኮ! ከዘገየ ብላለች!"

"ኤልቫ" አለች ቀና ሳትል፣ "አባትሽ ይሰማል።" አባባ የበረቱ በር ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደ። ከዚያ ቆመ። ያቺን አንድ እርምጃ አልረሳትም፤ ሌላ አንድ ቢጨምር ኖሮ እላለሁ።

ፓም ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ማስቲካዋን ማኘክ አቁማ ነበር። ከዚያ ሻንጣውን አውጥታ ሳሩ ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ዴና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀመረች። ቅባቱን ቀባች፣ በላዩ ሰፋፊ የተቀቀለ ቅጠል አደረገች፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች። በሦስተኛው ቀን እማዬ የአልጋውን ብረት ይዛ ጥርሷን ስታፋጭ ከማሳ ይሰማል። "እየሳበው ነው" ትላለች ዴና እያለቀሰች። "ሲያም እየሠራ ነው፣ ኬዚዬ፣ ትንሽ ቻዪ።" በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ምንም አልወጣም። በሠላሳኛው ቀን ጥቁር ነገር ወጣ፣ ዴናም ጠርሙስ አምጪ አለችኝ። አመጣሁላት። ሥሩ ይሄ ነው አለች፤ ለኔ ግን የእማዬ ሥጋ ነበር። ከበታቹ ያለው እብጠት እንደ ድንጋይ እንደተቀመጠ ነው።

ሳህኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ማንም አልቀጣኝም፤ እኛ የምንጠመቀው አድገን ነው፤ ገና ስላልተጠመቅኩ ማኅበሩ ሊለየኝ አይችልም። ማንም ምንም ባይለኝም፣ ስብሰባ ላይ ልጆች የዶሮ ድምፅ ያሰሙኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን አላጣውም። በጋውን ሙሉ አንድም ቀን አልመለስኩላቸውም፤ ምክንያቱም እኔ ያን ወረቀት ባልጨምር ኖሮ እማዬ ምናልባት በእውነተኛው ዕጣ ሐኪም ቤት ትደርስ ነበር። ራሷ የጻፈችውን ነው እኮ ያነሳችው! የኔ ባይኖርም ያው ነበር። ይሄን እያሰብኩ ነበር ጨርቅ የማጥበው።

ጥቅምት ላይ ወገቧ መቆም አቃተው። አባባ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ስልኩ ቤት ሄደ፤ ፓም መጣች። ያቺው ሐኪም ጨርቁን ፈታች፣ አየች፣ ይቅርታ ብላ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ፎቶ አነሷት። "አጥንቷ ውስጥ ነው" አለችኝ። "ጉበቷም ላይ አለ። አሁን ቢላ ምንም አይጠቅማትም።" ለእማዬ ተርጉሚላት አለችኝ። ከተረጎምኳቸው ነገሮች ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው።

የምነግራችሁ የመጨረሻው ነገር የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሴቶች ሊጠይቋት ስለሚመጡ ልልበስ አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት፤ ክብደቷ የሜኖ ያህል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እሱ ወለሉ ላይ በዚያ የተልባ ከረጢት ይጫወታል፤ ከረጢቱ አንድም ቀን ሳይለበስ የእሱ ሆኗል፣ እያሸ ያኝከዋል። የደረቷን ጨርቅ በስፒል ስይዝ እጄ ተንሸራተተ። ስፒሉ ልብሱን አልፎ ሲገባ ተሰማኝ። ሥጋ ውስጥ ነው የገባው።

እማዬ አልተነቃነቀችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነው።

"እማ፣ ወጋሁሽ እኮ።"

"ወጋሽኝ? አልተሰማኝም።" ጎንበስ ብላ አየችው፣ ስፒሉን ራሷ ነቀለችና ሰጠችኝ። "አንቺ ልጅ እጅሽ ሁልጊዜ ጠማማ ነው። ያን ወረቀትም ጠማማ ነበር የቆረጥሽው።"

"የትኛውን ወረቀት?"

"ዶሮውን። ጫፉ ወጥቶ ነበር።"

ስፒሉ እጄ ላይ ቀረ።

"ከሁለቱም መጽሐፍ ጫፍ ወጥቶ ነበር" አለች። "በጣቴ ነካሁት።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደስ ብሎኝ ነዋ" አለች። "ከእኔ ሌላ ሰው ወሰነልኝ ብዬ። መቆረጥ ፈልጌ ነበር፣ ኤልቫ። ሜኖ በእግሩ ሲሄድ ላየው ፈልጌ ነበር። ግን እኔ ፈለግኩ ብዬ መናገር አልቻልኩም።"

"እሁድስ? እሁድ ለምን አልተናገርሽም? በጋውን ሙሉ እኔ ገደልኳት እያልኩ..."

አልጨረስኩትም። እሷ እጆቿን አየች።

"ሁሉም እያዩኝ ነበር" አለች። "ዴና እያየችኝ ነበር። አውቄ ነው ያነሳሁት ብል ምን ይሉኛል? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሱልሻል አልኩ።" ትንፋሿ አጠረ። "ለአባትሽ አትንገሪው።"

ወጣሁ። ስፒሉን እንደያዝኩ፣ ሻሽ እንኳ ሳላደርግ። ማሳው መጨረሻ ላይ አባባ በቆሎ ይሰበስባል። እየሮጥኩ ነበር የሄድኩት፤ በአፌ ሁሉንም አዘጋጅቼ፦ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ታውቅ ነበር፣ ትፈልግ ነበር፣ አንተ ያቺን አንድ እርምጃ ብትጨምር ትሄድልህ ነበር። ፈረሶቹ ቀድመው አዩኝ። አባባ ልጓሙን ያዘና ዞረ። ሲያየኝ ፊቱ ነጣ፤ ሞታለች ልለው የመጣሁ መስሎታል።

"ምንድነው? ምን ሆነች?"

በጋው ውስጥ ምን ያህል እንደሸበተ እዚያ ነው ያየሁት። ልጓሙን ለቆ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ምንም" አልኩት። "ምሳ ደርሷል።"